ከእጅ ጀምሩ፦ የድሮ አውሮፓን የፖለቲካ ኅትመት ሥዕሎች ደረጃ በደረጃ ማንበብ

ሙዚየም ስትገቡ ወይም ኢንተርኔት ላይ ስታስሱ እንዲህ ያለ ሥዕል ሳያጋጥማችሁ አይቀርም፦ ጥቁርና ነጭ፣ በሰው የተጨናነቀ፣ አንዱ ጥግ አንበሳ፣ ሌላው ጥግ የተንበረከከች ሴት፣ ከላይ ሰይጣን፣ ከታች ደግሞ በማይነበብ ፊደል የተደረደረ ግጥም። አብዛኛው ሰው አምስት ሰከንድ አይቶ ያልፈዋል። ጥቂቱ «አንበሳ ማለት ጀግንነት፣ እባብ ማለት ጥበብ» የሚል ዝርዝር ፈልጎ አንድ በአንድ ሊፈታው ይታገላል። እኔን ከጠየቃችሁ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙም አይሻልም። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በወጡ የፖለቲካ ኅትመቶች ምልክት የጋራ ንብረት ነው፤ ወዳጅም ጠላትም ያንኑ አንበሳ ያወጣል። ነገሩ ያለው ማን፣ መቼ፣ በማን ላይ ምን እያደረገ ነው በሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የምልክት መዝገበ ቃላቱን ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

የሚያስፈልጋችሁ አጉሊ መነጽር (በስክሪን የምታዩ ከሆነ ትልቅ አድርጎ የሚያሳይ ምስል)፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ግማሽ ሰዓት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ለዩ

ሁለት ዘመዳሞች አሉ። አንደኛው ኤምብሌም ነው፤ የመጽሐፍ ገጽ ነው። ነገሩ የተጀመረው አንድሪያ አልቺያቶ የተባለ የሚላኖ የሕግ ሰው በጻፈውና በ1531 አውግስቡርግ ላይ በታተመ ትንሽ መጽሐፍ ነው። መልኩ ሦስት ክፍል ነው፦ ከላይ አጭር መሪ ቃል፣ መሐል ሥዕል፣ ከታች ግጥም። ከፖለቲካዎቹ አንዱ ሉት ያሳያል፤ ጊታርን የሚመስል ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ነው። ርእሱ «ቃል ኪዳን» ይላል። ሥዕሉን ብቻ ብታዩ የሙዚቃ ነገር ይመስላችኋል። ግጥሙ ግን ለሚላኖ መስፍን የተነገረ ነው፦ ከአውታሮቹ አንዱ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ዜማው ሁሉ እንደሚጠፋ፣ ከኢጣሊያ መሳፍንትም አንዱ ከውሉ ከወጣ ኅብረቱ ይፈርሳል ይላል።

እኛ ይህን ስናይ ቶሎ «ሰምና ወርቅ ነው» እንላለን። እኔም ለጓደኞቼ እንደዚያ ነበር የማስረዳው፤ አሁን ትቼዋለሁ። በቅኔ ወርቁ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተቀብሯል፤ ባለቅኔው ቆፍሮ አያወጣላችሁም። ኤምብሌም ግን በሥዕሉ ጠይቆ ከሥሩ ራሱ ይመልሳል። ከቅኔ ይልቅ ለ«እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ይቀርባል፤ ልዩነቱ አገር ስጠኝ የሚል አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ዘመድ ባለ አንድ ቅጠል ኅትመት ነው። መንገድ ላይና በመጻሕፍት ሻጭ ደጃፍ የሚሸጥ፣ የሰሞኑን ጉዳይ የያዘ፣ ብዙ ጊዜ አታሚው ስሙን ያልጻፈበት። ስሙን ያልጻፈው ለምን እንደሆነ ሥዕሉን ስትጨርሱ ይገባችኋል። ይህኛው ከኤምብሌም መጽሐፍ ምልክት ይበደራል፤ ዓላማው ግን ሰውን ማስተማር ሳይሆን ሰውን መምታት ነው።

2. ወረቀቱን ራሱን እዩ

የእንጨት ቅርጽ ከሆነ መስመሩ ወፈር ይላል፤ የሚታተመው ቀለም የተቀባው ከፍ ያለው ክፍል ስለሆነ ከእርሳስ ፊደል ጋር አብሮ በአንድ ማተሚያ ይወጣል። የመዳብ ቅርጽ ከሆነ ቀለሙ ያለው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው፤ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ሲሊንደር መሐል በኃይል ይጨመቃል። ስለዚህ የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱ ላይ የተረገጠ ድንበር ይተዋል። ጠርዙ ካልተቆረጠ ድንበሩ በጣት ይዳሰሳል።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከአንድ የእሁድ ገበያ «የ1600ዎቹ ነው» ተብዬ አርባ ዩሮ የከፈልኩበት ወረቀት ነበር፤ ቢጫ ያለ፣ ጥጉ የተበላ፣ ሽማግሌ የሚመስል። ቤት ወስጄ በአጉሊ መነጽር ሳየው መስመሩ መስመር አልነበረም፤ እንደ ጋዜጣ ፎቶ የነጥብ መንጋ ነበር። ከድሮ መጽሔት የተቀደደ ገጽ ገዝቼ ኖሯል። አሁንም ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ።

ቀጥሎ ቀኝና ግራውን እዩ። ቀራጩ የሌላ ሰው ሥዕል እያየ በቀጥታ መዳቡ ላይ ከቀዳ፣ ሲታተም እንደ መስታወት ተገልብጦ ይወጣል። ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰይፉን በግራ እጁ ከያዘ፣ በእጃችሁ ያለው ምናልባት ቅጂ ነው። ይህ ለትርጉሙም ይጠቅማል፤ በዚያ ዘመን የክብር ቦታ የባለቤቱ ቀኝ ነው። ለሚያየው ሰው ግራ ማለት ነው። ሥዕሉ ከተገለበጠ ክብርና ውርደቱም አብረው ይገለበጣሉ።

መዳቡም ውድ ነው፤ አይጣልም፤ ይፋቅና እንደገና ይቀረጻል። ፒየር ሎምባርት የቀረጸው ፈረሰኛ የዚህ ምሳሌ ነው። ፈረሱ ያው፣ ጥሩሩ ያው፣ አንገቱ ላይ ያለው ግን አንድ ጊዜ የእንግሊዙ የጦር መሪ ክሮምዌል፣ ሌላ ጊዜ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ፣ ሌላ ጊዜ ክሮምዌልና ጓዶቹ ያስገደሉት የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ነው። ጭንቅላቱ ተፍቆ ሌላው ሳይቀረጽ የታተመም አለ፤ «ራስ የለሹ ፈረሰኛ» ይሉታል። መንግሥት ሲለወጥ የተለወጠው ራስ ብቻ ነው ብትሉ ሥዕሉ ይመሰክርላችኋል።

3. ዓመቱን አግኙ

ዓመቱን ሳታውቁ አንድም ምልክት አትፍቱ። ብዙ ጊዜ ከታች ተጽፎ ይገኛል፤ ግን ጥንቃቄ። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመቷን የምትጀምረው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ስለዚህ ቻርልስ የተሰየፈበትን የ1649 ጥር 30 ቀን፣ የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሰነድ «1648» ብሎ ይጽፈዋል። መስከረም ላይ ዘመን ለሚለውጥ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ዓመቱ መሪ ቃሉ ውስጥ ተደብቆም ሊሆን ይችላል። ከላቲኑ ዓረፍተ ነገር አንዳንዱ ፊደል ያለ ቦታው ትልቅ ሆኖ ካያችሁ ደምሩት። የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ያስመታው ገንዘብ ላይ «ክሪስቱስ ዱክስ ኤርጎ ትሪዩምፉስ» ይላል፤ ክርስቶስ መሪ ነው፣ ስለዚህ ድል አለ ለማለት። ተለቅ ብለው የተጻፉት አንድ ኤም (1000)፣ አንድ ዲ (500)፣ አንድ ሲ (100)፣ አንድ ኤክስ (10)፣ ሦስት ቪ (15) እና ሁለት አይ (2) ናቸው። ድምሩ 1627።

4. ከእጅ ጀምሩ

ዋናው እርምጃ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ማን ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ እያንዳንዱ እጅ ምን እያደረገ እንዳለ በግስ ብቻ ጻፉ። ይዟል፣ ይሰጣል፣ ይነፋል፣ ይጎትታል፣ ደብቋል።

መለማመጃ የሚሆናችሁ በ1569 ገደማ የወጣው፣ ብዙ ቅጂ ያለው «የአልባ ዱክ ዙፋን» ነው። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ በ1567 የኔዘርላንድን አመፅ እንዲቀጣ የላከው የአልባ ዱክ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። አሁን እጆቹን ተከተሉ። ከኋላው ያለው ካህን ወናፍ ይዞ ጆሮው ውስጥ ይነፋል። ከፊት ሴቶች ታስረው ተንበርክከዋል። አንዲት ወይዘሮ ኩሬ ዳር በመረብ ታጠምዳለች። ከዳር የቆሙት ሰዎች እጅ ደግሞ አፋቸው ላይ ነው፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እንደ ሐውልት ደርቀዋል።

ግሱን ከጻፋችሁ በኋላ ስሙ በቀላሉ ይመጣል። የሚነፋው የንጉሡ አማካሪ ካርዲናል ግራንቬል ነው፤ ክፉ ምክር እንደ ወናፍ ነፋስ እሳት ያቀጣጥላል። የታሰሩት 17 ሴቶች 17ቱ የኔዘርላንድ ግዛቶች ናቸው። ቁጥር ይቆጠራል፣ አይገመትም! የምታጠምደው ከአልባ በፊት አገሩን ታስተዳድር የነበረችው የፓርማዋ ማርጋሬት ናት፤ ኩሬው ደም ነው፤ የምታወጣውም የተወረሰ ንብረት ነው። ከጀርባ በ1568 ብራስልስ ላይ የኤግሞንትና የሆርን መሳፍንት አንገት ሲቀላ ይታያል። ሐውልት የሆኑት ደግሞ የአገሩ ሹማምንት ናቸው። ለእኔ ከሰይጣኑም ከሰያፊውም በላይ የሚያስደነግጡት እነሱ ናቸው፤ ሥዕሉ ከስፔናዊው ጋር እኩል የገዛ ወገኑን ዝምታ ይከሳል። ምልክት ከሚፈታ ዝርዝር ብትጀምሩ ኖሮ ይህን አታገኙትም ነበር፤ ዝም ያለ ሹም በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም።

5. የተጻፈውን ልቀሙ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ሰዎቹ አጠገብ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ካሉ ከታች መፍቻቸውን ፈልጉ፤ ባለ አንድ ቅጠሎቹ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። በድሮው አጻጻፍ ዩ እና ቪ፣ አይ እና ጄ ይለዋወጣሉ፤ ኤፍ የሚመስለው ረጅሙ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ኤስ ነው። ልብስ ጠርዝ ላይ፣ የመጽሐፍ ጀርባ ላይ፣ ሰንደቅ ላይ ያለውንም አትለፉ።

6. አሁን መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ

የዘመኑ ሠዓሊዎች ራሳቸው የሚያገላብጡት የቼዛሬ ሪፓን «ኢኮኖሎጂያ» ነበር። በ1593 ሮም ላይ ያለ ሥዕል ታተመ፤ በ1603 ሥዕል ተጨመረለት፤ በ1644 ወደ ደች ተተረጎመ። ጽድቅ ምን ትለብሳለች፣ ምቀኝነት ምን ትበላለች የሚለውን ከዚያ ታገኛላችሁ። ግን በ1580 የተሠራን ሥዕል በሪፓ አትፍቱ፤ ገና አልተጻፈም!

አንበሳ ላይ ቆም በሉ። እኛ አንበሳ ስናይ እጃችን ወደ ይሁዳ አንበሳ ይሮጣል። እዚያ ግን አንበሳ የቦሔሚያም፣ የጀርመኗ ፋልዝም፣ የስዊድንም ነው፤ ክንፍ ካወጣ የቅዱስ ማርቆስ፣ ማለትም የቬኒስ ነው። በ1583 ሚካኤል አይሲንገር የኔዘርላንድን ካርታ ራሱን በአንበሳ ቅርጽ አወጣው። አንበሳው ሰይፍና የታሰሩ ቀስቶች ከያዘ ቀስቶቹን ቁጠሩ፤ ሰባት ከሆኑ ከስፔን ተገንጥለው የተባበሩት ሰባቱ የኔዘርላንድ ግዛቶች ናቸው።

ደች ሥዕሎች ላይ ደጋግማችሁ የምታዩት ሌላው ነገር በጭራሮ አጥር ውስጥ የተቀመጠች ልጃገረድ ናት። አጥሩ ሆላንድ ነው፤ «ታውን» የሚለው የደች ቃል ዛሬ የአትክልት ቦታ ማለት ይሁን እንጂ በመጀመሪያ ትርጉሙ አጥር ነበር። ልጅቷ በእንጨት ጫፍ የሰቀለችው ባርኔጣ የነፃነት ነው። ሮማውያን ባሪያን ነፃ ሲያወጡ ቆብ ያደርጉለት ነበር፤ ቄሳርን የገደለው ብሩቱስም በሁለት ጩቤዎች መሐል ያንን ቆብ ገንዘብ ላይ አስመታ። አልቺያቶ ያንን ወስዶ ኤምብሌም አደረገው፤ ደቾቹ ደግሞ የሮማውን ቆብ በራሳቸው ሰፊ ባርኔጣ ለወጡት። ከተቆረጠ ጉቶ የሚበቅል ቀንበጥ ካያችሁም የብርቱካን ዛፍ ነው (ኦራንዥ ብርቱካን ማለትም ነው)፤ በ1584 ዴልፍት ላይ የተገደለው የአመፁ መሪ የኦራንዥ ዊልያምና ልጁ ማውሪትስ ናቸው። የማውሪትስ መሪ ቃል ራሱ «ቀንበጡ በመጨረሻ ዛፍ ይሆናል» ነበር።

አልቺያቶን ካገላበጣችሁ ራሳችሁን ሳታገኙ አትቀሩም። «የማይሆን ነገር» በሚል ርእስ ሁለት ሰዎች አንድን ጥቁር ሰው በውኃ ሲያጥቡት ይታያል፤ ግጥሙ «ኢትዮጵያዊን ለምን በከንቱ ታጥባለህ?» ይላል። «ኢትዮጵያዊ» ያሉት በዚያ ዘመን ልማድ ማንኛውንም ጥቁር አፍሪካዊ ነው። ነገሩ የግሪኮች ተረት ነው፤ «ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጉርጉርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለው የኤርምያስ ቃልም ይደግፈዋል። ኤርምያስን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ምንም አይመስለኝም ነበር፤ ሥዕሉን ሳየው ግን ለረጅም ጊዜ ገጹን መግለጥ አቃተኝ። ምልክት መሆን ለምልክቱ ምን እንደሚመስል እዚያ ላይ ትረዳላችሁ።

7. የሚናገረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ወደ አልባ ዱክ እንመለስ። በሥዕሉ ጨቋኝ የሆነው ሰው በ1571 አንትወርፕ ምሽግ ውስጥ የራሱን የነሐስ ሐውልት አቆመ፤ ነሐሱ በ1568 ዬሚንገን ላይ ከማረከው መድፍ የቀለጠ ነበር። በሐውልቱ ላይ አመፅን ረግጦ ቆሟል። ያው ሰው፣ ያው የምልክት ቋንቋ፣ ተቃራኒ ንግግር። ሐውልቱ ሦስት ዓመት ብቻ ቆሞ በ1574 ተነሣ።

ቻርልስ በተሰየፈ ሰሞን የወጣውና በንጉሡ ስም የቀረበው መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ዊልያም ማርሻል በቀረጸው መክፈቻ ሥዕል ንጉሡ ተንበርክኳል፤ ምድራዊው ዘውድ እግሩ ሥር ወድቋል፣ እጁ የእሾህ አክሊል ይዟል፣ ዓይኑ የሰማዩን አክሊል ያያል። ከዳር ሸክም የተንጠለጠለበት ዘንባባ አለ፤ ዘንባባ ሲጫኑት ወደ ላይ ይገፋል የሚለውን አልቺያቶም ተጠቅሞበታል። ገበያተኛው ፊት ለፊቱ የቆመው የተሸነፈ ንጉሥ መሆኑን ረስቶ ሰማዕት እንዲያይ ነው። መጽሐፉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ታተመ፤ ፓርላማውም በባለቅኔው ሚልተን በኩል መልስ ለመስጠት ተገደደ።

8. ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላይ ሞክሩት

በ1618 ሆላንድ የወጣውን የሚዛን ሥዕል ክፈቱ፤ ቀራጩ ሳሎሞን ሳቬሪ፣ አብሮት የወጣው ግጥም የዮስት ቫን ደን ፎንደል ነው።

ዓመቱ 1618 ነው። አገሩ በሁለት የሃይማኖት ወገን ተከፍሏል፦ የሃይማኖት ሊቃውንቱ የጎማሩስና የአርሚኒዩስ። ጭቅጭቁ ድኅነት አስቀድሞ የተወሰነ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር፤ ውስጡ ግን ሥልጣን ያለው ማን ነው፣ ልዑል ማውሪትስ ወይስ የሆላንድ ሹማምንት የሚል ነበር። አርሚኒዩስ በ1609 ሞቷል፤ ሥዕሉ ላይ ግን ተከራካሪ ሆኖ ቀርቧል። የሞተ ሰው ሲከራከር ካያችሁ ግለሰቡን ሳይሆን ወገኑን እያያችሁ ነው።

እጆቹንና ሳህኖቹን እዩ። አንዱ፣ የጎማሩስ ወገን ሳህን ላይ የተሐድሶ መምህራኑ የካልቪንና የቤዛ መጻሕፍት አሉ። ሌላው፣ የአርሚኒዩስ ወገን ሳህን ላይ ካባ፣ ትራስና ማኅተም ያለባቸው ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። ካባው «የሆላንድ ጠበቃ» በሚል ማዕረግ የሹማምንቱ መሪ የነበረው የኦልደንባርኔቬልት ነው፤ ትራሱ የምክር ቤቱ መቀመጫ፤ ደብዳቤዎቹ ከተሞች ከጥንት ጀምሮ ያላቸው መብት። ግጥሙ በዚህኛው ወገን ላይ አእምሮንም ይጨምራል። እንግዲህ በዚህ በኩል ሕግ፣ ሹመትና ማሰብ አሉ፤ ሚዛኑ ወደዚህ መውረድ ነበረበት። ግን አልወረደም። ከመጻሕፍቱ ጋር ሰይፍ ተቀምጧል፤ ልዑሉ ያኖረው ብረት። ግጥሙ ሌላው ሁሉ ቀልሎ ተገኘ ይላል።

ያንን ቃል መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ቴቄል፣ «በሚዛን ተመዘንህ፥ ቀልለህም ተገኘህ»። የሮማን ታሪክ ያነበበ ደግሞ የጋሎቹ አለቃ ብሬኑስ ወርቅ ሲመዘን ሰይፉን ሚዛን ላይ ጥሎ «ለተሸናፊ ወዮለት» ማለቱን ያስታውሳል። የመጀመሪያው ፍርድ ከእግዚአብሔር ነው፣ ሁለተኛው ከጉልበት። ሥዕሉ ፍርዱ የየትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ ሰይፉን አሳይቶ ይተዋችኋል።

የሚናገረው ማን ነው? የጎማሩስ ወገን ቢሆን ኖሮ መጻሕፍቱ ብቻቸውን ይበቁ ነበር፤ ሰይፉ አይሳልም። ሥዕሉ ከተሸናፊው ጎን ነው። ካባው የተሳለበት ሽማግሌ በ1619 ግንቦት 13 ቀን ሄግ ላይ በ71 ዓመቱ አንገቱ ተሰየፈ።

9. የት ትለማመዳላችሁ?

የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ድረ ገጽ ላይ ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ምስሎች በነፃ ማውረድ ይቻላል። «ኤፍ ኤም» የሚል ቁጥር ካያችሁ ፍሬደሪክ ሙለር ያዘጋጀው የደች ታሪክ ሥዕሎች ዝርዝር ቁጥር ነው፤ በዚያው ቁጥር ሌላ ስብስብ ውስጥ ብትፈልጉ ያንኑ ሥዕል ታገኛላችሁ። ሮተርዳም ያለው አትላስ ፋን ስቶልክ፣ ለንደን ያለው የብሪታንያ ሙዚየምና ቮልፈንቡተል ያለው የሄርሶግ አውጉስት ቤተ መጻሕፍትም ስብስባቸው ክፍት ነው። አልቺያቶን በእንግሊዝኛ ትርጉም ለማንበብ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲን ፈልጉ። ኢኮንክላስ በሚባለው የሥዕል ምደባ 44 ቁጥር የመንግሥት፣ የሕግና የፖለቲካ ክፍል ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ የቶማስ ሆብስን የ1651 «ሌዋታን» መክፈቻ ሥዕል ውሰዱ፤ የአብርሃም ቦስ ሥራ ነው ይባላል። ከላይ ከተማ ላይ የተነሣው ግዙፍ ሰው አካሉ ከ300 በላይ በሆኑ ትንንሽ ሰዎች የተሠራ ነው፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ራሱ ያያሉ። በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው የጳጳስ በትር ይዟል። በራሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከኢዮብ 41 የተወሰደ ነው፤ በምድር ላይ የሚወዳደረው እንደሌለ ይናገራል።

ከታች ሁለት ዓምድ፣ በእያንዳንዱ አምስት ትንንሽ ሥዕል አለ። የቀኙን ዓምድ በወረቀት ሸፍኑና ግራውን ብቻ እያያችሁ ትይዩውን ገምቱ። ምሽግ ትይዩ ቤተ ክርስቲያን፣ ዘውድ ትይዩ የጳጳስ ቆብ፤ እስከዚህ ቀላል ነው። ሦስተኛው መድፍ ነው፤ ትይዩው መብረቅ፣ ማለትም ውግዘት። አራተኛውን ለእናንተ ትቻለሁ። ሹካ የሚመስሉትን ነገሮች አጉልታችሁ እዩ፤ ላያቸው ላይ ቃላት ተጽፈዋል።